ኮሎራዶን 15 ዓመት ያስጠበቃት ማን ነው? ስለ ግዛትነቷ ታሪክ ለተጻፈ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

የኮሎራዶን 150ኛ የግዛትነት ዓመት ምክንያት በማድረግ በአማርኛ የተዘጋጀ አንድ ጽሑፍ በዴንቨርና በኦሮራ በምንኖር ኢትዮጵያውያን ዘንድ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ሰንብቷል። ጸሐፊው እዚህ ተወልደው የሚያድጉ ልጆቻችን የሚኖሩበትን ምድር ታሪክ በወላጆቻቸው ቋንቋ እንዲያውቁ በመድከማቸው ምስጋና ይገባቸዋል። አማርኛቸውም የሚጣፍጥ ነው። ነገር ግን ጽሑፉ ለልጆች ሊነበብ፣ ለበዓሉም በሚታተመው መጽሔት ሊወጣ መሆኑን ስሰማ ዝም ማለት አልቻልኩም። በውስጡ ካሉት ዋና ዋና ነጥቦች አብዛኞቹ ስሕተት ናቸው፤ አንዱ ደግሞ ከስሕተት አልፎ ሟቾችን የሚበድል ነው።

የጽሑፉ ሐሳብ ባጭሩ እንዲህ ይላል። ወርቅ እስከተገኘበት እስከ 1858 ድረስ አገሩ ሰው ያልሰፈረበት ባዶ ሜዳ ነበር። ወርቅ ፈላጊዎቹ ከተማ ቆረቆሩ፤ በ1861 ቴሪቶሪ (ገና ግዛት ያልሆነ፣ በዋሽንግተን ሥር የሚተዳደር አገር) ተባለ። ከዚያ በኋላ ነዋሪው በአንድ ድምፅ ግዛትነትን ሲለምን የዋሽንግተን ፖለቲከኞች 15 ዓመት አጉላሉት። በ1864 ሳንድ ክሪክ በተባለ ቦታ ላይ የደረሰው በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን የተደረገ አንድ «ውጊያ» ነው፤ ከግዛትነቱ ጉዳይ ጋር አይገናኝም። በመጨረሻ ሕዝቡ ሲበዛ፣ አሜሪካም 100ኛ ዓመቷን ስታከብር፣ ኮሎራዶ ሁሉንም ወንድ በእኩል ድምፅ ሰጪ አድርጋ በ1876 በስጦታ መልክ ወደ ኅብረቱ ገባች። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እኔ የምለው ሌላ ነው። ኮሎራዶን 15 ዓመት ያቆያት ከሁሉ በላይ የራሷ ነዋሪዎች ጠብ ነው። የጠቡም ሥር ማን እንደ ሰው ይቆጠር፣ ማን ይገለል የሚለው ጥያቄ ነበር። ጽሑፉ ይህን ጥያቄ ነቅሎ ስላወጣው ታሪኩ ባዶ ሆኖ ቀረ።

ከ«ባዶው ሜዳ» ልጀምር። በ1851 የአሜሪካ መንግሥት በፎርት ላራሚ ከነባሮቹ ሕዝቦች ጋር ውል ተፈራርሟል። በዚያ ውል ከሰሜን ፕላት ወንዝ እስከ አርካንሳስ ወንዝ ያለው ሜዳ የቼየንና የአራፓሆ ሕዝቦች ምድር መሆኑን መንግሥቱ ራሱ በጽሑፍ አምኗል። ዛሬ ዴንቨርም ኦሮራም ያሉት በዚያ ክልል ውስጥ ነው። ተራራው ደግሞ የዩት ሕዝብ ነበር። ስለዚህ ከባለ ወርቆቹ ሰባት ዓመት በፊት ባለቤቱ ተለይቶ የታወቀ፣ በመንግሥት ፊርማም የጸና ምድር ነው እንጂ ባዶ አልነበረም።

በደቡብም ቢሆን ሰው ነበር። የሳን ሉዊስ ከተማ የተቆረቆረችው በዚያው በ1851 ነው፤ በኮሎራዶ ሳይቋረጥ የተኖረባት የመጀመሪያዋ ከተማ እርሷ ናት። ስፓኒሽ ተናጋሪ ገበሬዎች ከኒው ሜክሲኮ መጥተው በ1852 በአካፋና በዶማ የመስኖ ቦይ ቆፈሩ። ቦዩ እስከ ዛሬ ውሃ ያወርዳል፤ በኮሎራዶ የውሃ መብት መዝገብም ከሁሉ ቀዳሚው የእነዚያ ገበሬዎች ነው። ውሃ በሚያንስበት በዚህ አገር ቀድሞ ውሃውን ለሥራ ያዋለ ሰው ቅድሚያ አለው፤ ይህ ደንብ በ1876ቱ ሕገ መንግሥት ውስጥ ገብቷል። እንግዲህ በሕጉ መሠረት የውሃው በኩር የሆኑት ሰዎች በጽሑፉ ውስጥ ስማቸው እንኳን አልተነሣም።

እነዚህ ገበሬዎች በ1861 ከቤታቸው ሳይነሡ አገራቸው ተቀየረባቸው። ኮንግረስ የአዲሱን ቴሪቶሪ ደቡባዊ ወሰን በ37ኛው የኬክሮስ መስመር ላይ ሲያሰምር የኒው ሜክሲኮ ሰዎች የነበሩት በማግስቱ የኮሎራዶ ሰዎች ሆኑ። ዘመዳቸው፣ ቄሳቸው፣ ገበያቸው በወዲያ ቀረ። ቋንቋቸውን በማይሰማ ምክር ቤት፣ ባልለመዱት ሕግ ሊተዳደሩ ነው። ወደ ኒው ሜክሲኮ እንዲመለሱ አቤት ቢሉም ሰሚ አላገኙም። ቅሬታቸው ግን ወደ ድምፅ መስጫው ሣጥን ተከትሏቸው እንደሄደ ቀጥሎ እናያለን።

አንድ ነገር ልጨምር። ኮሎራዶ ቴሪቶሪ የሆነችው ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1861 ነው። ከዚያ 10 ቀን ቀደም ብሎ፣ ፌብሩዋሪ 18፣ ጥቂት የቼየንና የአራፓሆ አለቆች በፎርት ዋይዝ አዲስ ውል እንዲፈርሙ ተደረገ። በ1851 ከታወቀላቸው ምድር የቀረላቸው አንድ አሥራ ሦስተኛ እንኳን አይሞላም ነበር። ብዙዎቹ የቼየን ሰዎች እኛ ያልመከርንበት፣ ያልፈረምንበት ነው ብለው ውሉን አልተቀበሉም። የምሥረታውን ቀን የሚያከብር ሰው ከእርሱ በፊት ያሉትን 10 ቀናት ዘሎ ማለፍ የለበትም።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ፣ ወደ 15ቱ ዓመታት እንምጣ። ቴሪቶሪ ማለት ገዥውንና ዳኞቹን ፕሬዚዳንቱ ከዋሽንግተን የሚሾምለት፣ በኮንግረስ ውስጥ መናገር እንጂ ድምፅ መስጠት የማይችል አንድ ተወካይ ብቻ ያለው፣ ፕሬዚዳንት ለመምረጥም መብት የሌለው አስተዳደር ነው። በሌላ በኩል የሹማምንቱን ደመወዝ የሚከፍለው የፌዴራሉ መንግሥት ነው። ግዛት ስትሆን ክብሩም ወጪውም የራስህ ይሆናል። ይህን ሁለተኛውን ጎን ጸሐፊው አላነሡትም፤ የዚያ ዘመን ነዋሪ ግን አሳምሮ ያውቀው ነበር።

ስለዚህ ዋሽንግተን በሩን የከፈተችው በ1876 አይደለም። በማርች 1864፣ በሊንከን ዘመን፣ ኮንግረስ ለኔቫዳና ለኮሎራዶ ሕገ መንግሥት አርቅቃችሁ ግቡ የሚል ሕግ አወጣ። ለሊንከን ወገን የታማኝ ግዛቶች ድምፅ ያስፈልገው ነበር። ኔቫዳ ተጠቅማበት ከፕሬዚዳንት ምርጫው ስምንት ቀን በፊት፣ ኦክቶበር 31፣ ግዛት ሆነች። ኮሎራዶስ? ሕገ መንግሥቱ ለሕዝብ ቀረበና የራሷ መራጮች በሰፊ ልዩነት ጣሉት። አጉላሏት የተባለችው ዋሽንግተን ጠርታት እምቢ ያለችው ኮሎራዶ ናት።

ለምን? አንደኛ ግብር ነው። የወርቅ ማዕድኑ በላይ በላዩ የሚገኘው እያለቀ ነበር፤ ከድንጋዩ የሚወጣውን ለመፍጨትና ለማቅለጥ ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ሰው ተስፋ እየቆረጠ ይሄድ ነበር። ሁለተኛ ግዛት ከሆንን ልጆቻችንን ለጦርነቱ ይመለምሉብናል የሚል ስጋት ነበር። ሦስተኛ የደቡቦቹ ስፓኒሽ ተናጋሪዎች እንኳን ግዛትነቱን ቴሪቶሪነቱንም አልወደዱትም ነበርና በብዛት ተቃወሙ። አራተኛው ምክንያት የሰዎቹ ማንነት ነው። ግዛትነቱን የሚመራው ወገን ሴናተር ሊሆን የሚፈልገውን ገዥውን ጆን ኢቫንስን ያስቀደመ፣ ኮሎኔል ጆን ቺቪንግተንን ደግሞ ለኮንግረስ ዕጩ ያደረገ ነበር። ነገሩ ለጥቂት ሰዎች ወንበር ማደላደያ ነው ብሎ የጠረጠረው መራጭ ብዙ ነበር። ኢቫንስ ሕዝቡ ሲያጉረመርም ለሴናተርነት አልቀርብም ብለው ቢያስታውቁም አልረዳም።

«የሕዝብ ቁጥር ሲሞላ» የሚለውም ውሃ አያነሣም። በቀደመው ልማድ 60,000 ነዋሪ ይጠየቅ እንደነበር እውነት ነው። ይሁንና በ1860 ቆጠራ ኔቫዳ 7,000 ሰው እንኳን አልነበራትም፤ በአራት ዓመት ውስጥ ግን ገባች። በ1870 ቆጠራ ኮሎራዶ 39,864 ነዋሪ ሲኖራት ኒው ሜክሲኮ 91,874 ነበራት። በ1875 የሁለቱም ጥያቄ በአንድ ላይ ለኮንግረስ ቀረበ። ኮሎራዶ አለፈች፤ ኒው ሜክሲኮ ወደቀች፤ እስከ 1912 ድረስም በደጅ ቆየች። ቁጥር ቢሆን ኖሮ ሚዛኑ፣ ከእጥፍ በላይ ሕዝብ ያላት እንዴት 36 ዓመት ተጨማሪ ትጠብቃለች? የኒው ሜክሲኮ ሰው አብዛኛው ስፓኒሽ ተናጋሪና ካቶሊክ ነበር። በዘመኑ የነበሩ ተቃዋሚዎች ይህን ሳያፍሩ በአደባባይ ይናገሩት ነበር።

በአንድ ነገር ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ። የባቡር ሐዲዱ ጉዳይ ትልቅ ነው ማለታቸው ትክክል ነው። አህጉሩን የሚያቋርጠው ሐዲድ ተራራውን ሸሽቶ በዋዮሚንግ በኩል ሲያልፍ ዴንቨር ልትሞት ደርሳ ነበር። የከተማዋ ነዋሪ በ1860 ቆጠራ 4,749፣ በ1870 ደግሞ 4,759 ነበር፤ በአሥር ዓመት የጨመረው 10 ሰው ነው። ነዋሪዎቿ ገንዘብ አዋጥተው በዋዮሚንግ እስካለችው እስከ ሻየን ከተማ ድረስ የራሳቸውን ሐዲድ ዘረጉ፤ በጁን 1870 ባቡር ገባ። በ1880 ከተማዋ 35,629 ሰው ነበራት። ይህን ሐዲድ ከመሩት ሰዎች ዋነኛው ያው ጆን ኢቫንስ ናቸው። ሰውየው ሐዲድም ዩኒቨርሲቲም ያቆሙ ናቸው፤ አልክድም። ቀጥሎ የማነሣውም የእርሳቸው ታሪክ ነው።

ሳንድ ክሪክን በተመለከተ ጸሐፊው የጻፉት ዓረፍተ ነገር ሁለት ስሕተት ይዟል፤ ውጊያ ማለታቸውና ከግዛትነቱ ጋር አይገናኝም ማለታቸው። ቀስ ብዬ ልሂድ፤ ልጆቻችን ሊያነቡት ነውና።

ዓመቱ 1864 ነው፤ የግዛትነቱ ዘመቻ የተካሄደበት ያው ዓመት። በጁን ወር ገዥው ኢቫንስ ሰላም የሚፈልጉ ነባር ሕዝቦች ወደ ተወሰኑ የጦር ሰፈሮች ሄደው እንዲሰፍሩ አዋጅ አወጡ። በኦገስት ደግሞ ነዋሪው ጠላት የሚላቸውን እያሳደደ እንዲገድል፣ ንብረታቸውንም እንዲወስድ የሚፈቅድ ሌላ አዋጅ አስከተሉ። ለ100 ቀን የሚያገለግል የበጎ ፈቃደኞች ፈረሰኛ ጦርም ተመለመለ። ሴፕቴምበር 28 ቀን ብላክ ኬትልና ዋይት አንቴሎፕን የመሳሰሉ የቼየን አለቆች ከአራፓሆ ወንድሞቻቸው ጋር ወደ ዴንቨር መጥተው፣ ካምፕ ዌልድ በተባለው ሰፈር ከኢቫንስና ከቺቪንግተን ጋር ፊት ለፊት ተቀመጡ። ሰላም እንፈልጋለን አሉ። የዚያ ቀን ፎቶግራፍ ዛሬም አለ። ከዚያ ወደ ጦር ሰፈሩ አቅራቢያ እንዲሰፍሩ ተነገራቸውና ሄዱ። የሰፈሩበት ቦታ ሳንድ ክሪክ ነው።

ኖቬምበር 29 ቀን ንጋት ላይ ቺቪንግተን 675 ያህል ወታደር ይዞ ደረሰባቸው። ብላክ ኬትል የአሜሪካን ባንዲራ፣ ከእርሱም ጋር ነጭ ጨርቅ በድንኳኑ ላይ ሰቅሎ ነበር። ተኩሱ አልቆመም፤ ቀኑን ሙሉ ቀጠለ። ከ230 በላይ ሰው ተገደለ፤ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ሕፃናትና አረጋውያን ናቸው። ዋይት አንቴሎፕ በዕድሜ የገፋ ሰው ነበር፤ እዚያው ወደቀ። ወታደሮቹ አስከሬን ቆራርጠው፣ ከአስከሬኑም ማስታወሻ ይዘው ወደ ዴንቨር ተመለሱ፤ ከተማዋም በሆታ ተቀበለቻቸው።

ይህ ውጊያ አለመሆኑን ያወቁ በቦታው የነበሩ መኮንኖች ናቸው። ካፒቴን ሳይላስ ሶል የራሱን ወታደሮች እንዳይተኩሱ አድርጎ ቆመ፤ ሌተናንት ጆሴፍ ክሬመርም እንዲሁ። ሶል ያየውን አንድ በአንድ ዘርዝሮ ለቀድሞ አዛዡ በደብዳቤ ጻፈ፤ በሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ ላይም በጦሩ መርማሪዎች ፊት ቀርቦ መሰከረ። ኤፕሪል 23 ቀን 1865 በዴንቨር መንገድ ላይ ተተኩሶበት ሞተ፤ ካገባ አንድ ወር አልሞላውም ነበር። ገዳዩ ተይዞ የነበረ ቢሆንም አምልጦ ሳይፈረድበት ቀረ። ዛሬ ከ15ኛው ጎዳናና ከአራፓሆ ጎዳና መገናኛ ላይ ለሶል መታሰቢያ የተተከለ ጽሑፍ አለ። ብዙዎቻችን መሐል ከተማ ለሥራ ስንመላለስ በአጠገቡ እናልፋለን።

ኮንግረስና ጦሩ ባደረጉት ምርመራ የተፈጸመው ጭፍጨፋ መሆኑ ተረጋገጠ። ኢቫንስ በ1865 ከገዥነት እንዲለቁ ተደረገ። ቺቪንግተን ከጦሩ ወጥቶ ስለነበር ለፍርድ ሳይቀርብ ቀረ። «ውጊያ» የሚለው ቃል ጸሐፊው የፈጠሩት አይደለም፤ በ1909 በምክር ቤቱ ሕንፃ ፊት ለፊት በቆመው ሐውልት ላይ ተቀርጾ የኖረ ነው። ግዛቲቱ ራሷ ግን ከዚያ ተመልሳለች። በ2002 ማረሚያ ጽሑፍ ተጨመረበት፤ በ2014 ገዥው ጆን ሂክንሉፐር በኮሎራዶ ስም ይቅርታ ጠየቁ፤ በ2021 ገዥው ጃሬድ ፖሊስ የ1864ቱን አዋጆች ሻሩ፤ በ2023 ማውንት ኢቫንስ ይባል የነበረው ተራራ ማውንት ብሉ ስካይ ተባለ። ኢቫንስ ያቋቋሙት የዴንቨር ዩኒቨርሲቲም ሳይቀር በ2014 ባስጠናው ጥናት መሥራቹ በኃላፊነት እንደሚጠየቁ አምኗል። ባለቤቱ የተወውን ቃል እኛ በአማርኛ አንሥተን ለልጆቻችን የምናወርሰው ለምንድን ነው?

ከግዛትነቱ ጋር ያለው ግንኙነትስ? ሰዎቹ አንድ ናቸው፤ ወራቱም አንድ ናቸው። ቺቪንግተን ለኮንግረስ የተወዳደረው በግዛትነቱ ወገን ስም ነው፤ በዚያው ዓመት በኖቬምበር የዘመተውም እርሱ ነው። ቀጥሎም በ1865 ግዛትነት እንደገና ሲጠየቅ የሳንድ ክሪክ ምርመራ በዋሽንግተን እየተካሄደ ነበር፤ የቴሪቶሪዋ ስም የተነሣው በዚያ ደም ነው። ጭፍጨፋው የግዛትነት ዘመቻ ውጤት ብቻ ነው አልልም፤ የመሬት ጥማቱም ፍርሃቱም ከምርጫው የቀደመ ነው። አይገናኙም ማለት ግን አይቻልም።

ቀጣዩ ነጥብ እኛን ጥቁሮችን በቀጥታ የሚነካ በመሆኑ ጸሐፊው እንዴት እንዳለፉት አልገባኝም። «ከጅምሩ ሁሉም ወንድ እኩል ድምፅ ነበረው» ብለዋል። በ1861 የወጣው የመጀመሪያው የምርጫ ሕግ በእርግጥ ጥቁሮችን አይከለክልም ነበር። ነገር ግን በ1864 የቴሪቶሪው ምክር ቤት ሕጉን አሻሽሎ ጥቁሮች እንዳይመርጡ ከለከለ። የነበራቸውን መብት ነው የቀማቸው። በ1865 ሁለተኛው ሕገ መንግሥት ሲረቀቅ የድምፅ መብት ለነጭ ወንዶች ብቻ ተባለ። ሕገ መንግሥቱ በ155 ድምፅ ብልጫ ብቻ አለፈ፤ በዚያው ምርጫ ጥቁሮች ይምረጡ ወይስ አይምረጡ ተብሎ ለብቻው ሲጠየቅ 476 ሰው ይምረጡ ሲል 4,192 ሰው አይምረጡ አለ።

በቴሪቶሪዋ የነበሩት ጥቁሮች በ1870 እንኳን 456 ብቻ ነበሩ። ከእነርሱ መካከል ዊሊያም ጄፈርሰን ሃርዲን የሚባል ፀጉር አስተካካይ ነበር፤ አንደበተ ርቱዕ ሰው ነው። ባርኒ ፎርድ ደግሞ ከባርነት አምልጦ የመጣ፣ በዴንቨር ምግብ ቤት የከፈተ፣ በ1863 የከተማዋ እሳት ሥራውን ቢያወድምበት እንደገና የሠራ ነጋዴ ነው። እነዚህ ሰዎች የጎረቤቶቻቸውን ፊርማ አሰባስበው አቤቱታ አዘጋጁ። የጠየቁት ነገር ግልጽ ነበር፤ እኛን የሚያገል ሕገ መንግሥት ይዛ የምትመጣን ኮሎራዶ አትቀበሏት። አዲሱ ገዥ አሌክሳንደር ከሚንግስ አቤቱታውን ወደ ዋሽንግተን ላኩት። በሴኔቱ ቻርልስ ሰምነር ጉዳዩን የራሳቸው አድርገው ተሟገቱ።

ኮሎራዶን የሚያስገባውን ሕግ ኮንግረስ ቢያሳልፈውም ፕሬዚዳንት አንድሩ ጆንሰን በሜይ 1866 በቬቶ ጣሉት። ጆንሰን ይህን ያደረጉት ለጥቁሮች አዝነው አይደለም፤ የሕዝቡን ማነስ ምክንያት ቢያቀርቡም ሁለት ተጨማሪ የተቃዋሚ ሴናተሮች እንዲመጡባቸው አይፈልጉም ነበር። የጥቁሮቹ ድካም ፍሬ ያፈራው ቀጥሎ ነው። በጃንዋሪ 1867 ኮንግረስ በቴሪቶሪዎች ሁሉ በዘር ምክንያት ድምፅ መከልከልን የሚያግድ ሕግ አወጣ። ሕጉ ፕሬዚዳንቱ ሳይፈርሙበት ጸና። በዘር ምክንያት ድምፅ መከልከልን በመላው አገር ያገደው አሥራ አምስተኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በ1870 ከመጽደቁ ሦስት ዓመት በፊት የኮሎራዶ ጥቁሮች ድምፅ ሰጡ። በዚያው ወር ኮሎራዶን ለማስገባት የወጣውን ሌላ ሕግ ጆንሰን ዳግመኛ በቬቶ መለሱት፤ ሴኔቱም ሊሽረው አልቻለም።

እንግዲህ በ1876ቱ ሕገ መንግሥት ጥቁር ወንድ መራጭ የሆነው ነጮቹ መሥራቾች ከመጀመሪያው ቸር ስለነበሩ አይደለም። አንድ ፀጉር አስተካካይና አንድ የምግብ ቤት ባለቤት አሥር ዓመት ቀድመው በሩ ላይ ስለቆሙ ነው። ሃርዲን ኋላ ወደ ዋዮሚንግ ሄዶ በ1879 የቴሪቶሪው ምክር ቤት አባል ሆኖ ተመርጧል። የፎርድ ምስል በኮሎራዶ ምክር ቤት አዳራሽ ባለቀለም መስታወት ላይ አለ። በብሌክ ጎዳና 1514 ቁጥር ያለው የጡብ ሕንፃው ዛሬም ቆሟል። በዚህ ከተማ ምግብ ቤት ከፍቶ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ኢትዮጵያዊ ሁሉ ይህን ሰው ሊያውቀው ይገባል።

የ100ኛ ዓመት «ስጦታ» የሚለውን በአጭሩ ላልፈው እችላለሁ። በ1874 የሪፐብሊካኑ ወገን እርስ በርሱ ተጣልቶ ስለነበር ዴሞክራቱ ቶማስ ፓተርሰን የቴሪቶሪዋ ተወካይ ሆነው ተመረጡና ዋሽንግተን ገቡ። ኮሎራዶ ብትገባ ድምፅዋ ለእኛ ነው ብለው የፓርቲያቸውን ሰዎች አግባቡ፤ ሕጉም ማርች 3 ቀን 1875 አለፈ። 39 ሰዎች ሕገ መንግሥቱን በዴንቨር አረቀቁ፤ ጁላይ 1 ቀን 1876 ሕዝቡ በ15,443 ድምፅ አጸደቀው፤ ተቃዋሚው 4,000 ገደማ ነው። ፕሬዚዳንት ግራንት ኦገስት 1 ቀን አወጁ። በኖቬምበር ግን ለሕዝብ ምርጫ ጊዜ ስላልነበረ የፕሬዚዳንት መራጮቹን (በግዛቷ ስም ለፕሬዚዳንቱ ድምፅ የሚሰጡትን ሦስት ሰዎች) የመረጠው በሪፐብሊካኖች የተያዘው ምክር ቤት ሆነና ሦስቱም ድምፅ ለራዘርፎርድ ሄይስ ሄደ። ሄይስ 185 ለ184፣ በአንድ ድምፅ፣ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ስሌት ነበር እንጂ ስጦታ አልነበረም፤ ያሰሉትም ዴሞክራቶች ተሸነፉበት።

ስለዚያ ሕገ መንግሥት ግን ጸሐፊው ሊኮሩበት የሚችሉትን ነገር ሳይጠቅሱ መቅረታቸው ያሳዝናል። ከአርቃቂዎቹ መካከል እንደ ካሲሚሮ ባሬላ ያሉ የደቡብ ሰዎች ነበሩ። በእነርሱ ትግል ሕጎች እስከ 1900 ድረስ ከእንግሊዝኛ ሌላ በስፓኒሽና በጀርመንኛም እንዲታተሙ በሕገ መንግሥቱ ተጻፈ። በፍርድ ቤትና በሆስፒታል አስተርጓሚ የሚፈልጉ አዛውንቶቻችንን የማውቅ ሰው እንደመሆኔ፣ ይህ አንቀጽ የሚሞቅ ነገር አለው፤ ገና ከጅምሩ እንግሊዝኛ የማይሰማ ሰው ሕጉ የእርሱም እንዲሆን ታስቦለት ነበር። ሴቶች ይምረጡ ብለው በድምፅ ያነሱትን አርቃቂዎች አስተያየት ከፈረሙት ሁለት ሰዎችም አንዱ ሌላው የደቡብ ሰው አጋፒቶ ቪጊል ነው። ጥያቄው ያኔ ወደቀ፤ ለሴቶች የተፈቀደው በትምህርት ቤት ምርጫ ብቻ መሳተፍ ሆነ። በ1877ም በሕዝብ ድምፅ ዳግመኛ ወደቀ። በ1893 ግን የኮሎራዶ ወንዶች በድምፃቸው አጸደቁት፤ ይህን በሕዝበ ውሳኔ በማድረግ ከአሜሪካ ግዛቶች የመጀመሪያዋ ኮሎራዶ ናት። «ሁሉም እኩል» የሚለው ዓረፍተ ነገር እነዚህን 17 ዓመታት ውጧቸዋል።

ዩቶቹን ደግሞ ጽሑፉ ጨርሶ አያነሣቸውም። በ1868 ውል የኮሎራዶ ምዕራባዊ ክፍል የእነርሱ ተብሎ ነበር። በ1873 ብር የተገኘበትን የሳን ሁዋን ተራሮች አሳልፈው እንዲሰጡ ተደረገ። ግዛት ከሆነች ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1879፣ በዋይት ሪቨር ግጭት ሲነሣ «ዩቶች ይውጡ» የሚለው ጩኸት በጋዜጣውም በሹማምንቱም ተስተጋባ፤ በ1881 አብዛኞቹ በወታደር እየተነዱ ወደ ዩታ ተሰደዱ። በደቡብ ምዕራብ ጥግ የቀሩት ሁለቱ የዩት ነገዶች ዛሬም እዚያው አሉ። ከዋሽንግተን የተላከ ገዥ ሳይሆን ራሷ የመረጠችው መንግሥት ከሠራቸው የመጀመሪያ ትልልቅ ነገሮች አንዱ ለዚህ መጮህ ነበር።

ለጸሐፊው የማቀርበው ጥያቄ ከባድ አይደለም። ጽሑፉ ለበዓሉ መጽሔት ከመታተሙ በፊት «ባዶ ሜዳ» የሚለው ይውጣ፤ «ውጊያ» የሚለው «ጭፍጨፋ» ይባል፤ ዋሽንግተን አጉላላች በሚለው ቦታ የ1864ቱ እምቢታ ይግባ፤ ሃርዲንና ፎርድ አንድ አንቀጽ ይሰጣቸው። ፈቃደኛ ከሆኑ አንቀጹን አብሬ ለመጻፍ ዝግጁ ነኝ። ልጆቹን ይዞ መሄድ ለሚፈልግ ወላጅም የሳንድ ክሪክ ብሔራዊ መታሰቢያ ሥፍራ በካዮዋ ካውንቲ፣ ኢድስ ከተማ አቅራቢያ ይገኛል፤ ከዴንቨር ወደ ደቡብ ምሥራቅ የሦስት ሰዓት ያህል መንገድ ነው።